የእህቴ ልጅ ለፕሬዚዳንት ቅድመ ምርጫ ዘመቻ ልትቀጠር ነው፤ ምን ልምከራት?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ሥራዋን ልትለቅ እንዳሰበች ነገረችን። ለ2028 ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት እጩቸውን ለሚለዩበት ውድድር፣ የሚያሟሙቅ አንድ ፖለቲከኛ አለ። የእሱ ሰዎች የመስክ አደራጅ (በር እያንኳኳ በጎ ፈቃደኞችንና መራጮችን የሚያሰባስብ ሠራተኛ) እንድትሆን ጠይቀዋታል። እናቷ ስኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ግን ደስ ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም፤ ወደ እናንተ የመጣሁት ለዚህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የራሴን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። በ2008 እዚሁ ቨርጂኒያ ለኦባማ በበጎ ፈቃድ በር ለበር ዞሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ የቅድመ ምርጫ ነገር ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። የማምነው ይህን ነው፦ ቅድመ ምርጫ የሚለየው በቴሌቪዥን ክርክር አይደለም። ማን ቀድሞ እንደተቀጠረና የት እንደተመደበ ነው የሚለየው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008 ከ20 በላይ ግዛቶች በአንድ ቀን መረጡ። ሂላሪ ክሊንተን ኒው ጀርሲን አሸነፈች። ተወካዮቹ፣ ማለትም በፓርቲው ጉባኤ ላይ እጩውን የሚመርጡት ሰዎች፣ 59 ለ48 ተከፈሉ፤ ትርፏ 11 ሆነ። በዚያው ቀን ኦባማ አይዳሆን አሸነፈ። እዚያ 15 ለ3 ነበር፤ ትርፉ 12። አይዳሆ ኮከስ (እጩ የሚመረጥበት የፓርቲ ስብሰባ) የወጣው ሰው 21 ሺህ ገደማ ብቻ ነው! ኦባማ ግን ቀደም ብሎ ቢሮ ከፍቶ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አስቀምጦ ነበር። በሌላው ወገን ያንን ያህል ዝግጅት አልነበረም። ጥቂት ወጣቶች በአንዲት ትንሽ ግዛት የሠሩት ሥራ ከኒው ጀርሲ ድል በለጠ ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ብቀጥር መጀመሪያ የምፈልገው የተወካዮችን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀጥሎ የመስክ አደራጆችን። ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ከዚያ በኋላ ይምጡ። ትስማማላችሁ? ለልጅቷስ ምን ልበላት?

ይህን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። ብዙ መልስ መጣ። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው በተራ ቁጥራቸው እንዲህ ላውጋችሁ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው ከዳላስ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ ካለ በኋላ ቅድመ ምርጫና ኮከስ ልዩነታቸው እንዳልገባው በግልጽ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ 20 ዓመት ኖሮ የማያውቀው ብዙ ነው። 2ኛዋ በትዕግሥት አስረዳችው። በቅድመ ምርጫ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኮከስ ግን በተወሰነ ሰዓት ስብሰባ ላይ መገኘት አለበት። በዴሞክራቶች ዘንድ 15 በመቶ ያልሞላ እጩ ተወካይ አያገኝም። እግረ መንገዷን እኔንም አሳሰበችኝ። በ2024 ዴሞክራቶቹ አዮዋን ከመጀመሪያ ቦታዋ አንስተው ቅደም ተከተሉን በሳውዝ ካሮላይና አስጀምረዋል። ስለዚህ የድሮ የምርጫ ታሪክ ይዤ ለዛሬ ልጅ ምክር ስሰጥ እንድጠነቀቅ ነገረችኝ። ተቀብያለሁ።

መልስ 3 እስከ 6

ከሲያትል የጻፈው ወንድም በጨዋ ቋንቋ አፈረሰኝ። የ2020ውን ባይደን አነሳ። በአዮዋና በኒው ሃምፕሻየር ወድቆ ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይናን አሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ከ14 ግዛቶች 10ሩን ወሰደ። ከእነዚያ ውስጥ ማሳቹሴትስና ሚኒሶታ አሉ። በሁለቱም ይህ ነው የሚባል የመስክ ሠራተኛ አልነበረውም። የመስክ ሥራ ሁሉን የሚወስን ከሆነ ይህ እንዴት ሆነ? 4ኛው የ2016ቱን ትራምፕ ጨመረበት። በጣም ትንሽ ቡድን ይዞ ትልልቅ ቡድን ያላቸውን አገረ ገዢዎችና ሴናተሮች ጠራረጋቸው።

5ኛዋ ግን የ4ኛውን ጽሑፍ ግማሽ መንገድ ላይ ያዘችው። ያ ትንሽ ቡድን በኤፕሪል 2016 ኮሎራዶ ላይ ምን እንደደረሰበት አስታወሰች። ተወካዮቹ የሚመረጡት በፓርቲ ስብሰባዎች ነበር። የተፎካካሪው የቴድ ክሩዝ ሰዎች ሕጉን ያውቁ ስለነበር ተወካዮቹን ሙልጭ አድርገው ወሰዱ። ትራምፕ ራሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በማርች መጨረሻ፣ ፖል ማናፎርትን የቀጠረው ለዚሁ ለተወካዮች ጉዳይ ነበር። በስሙ የሚታወቅ ሰው ያለ ሠራተኛ ሊያሸንፍ ይችላል። የማይታወቅ ሰው ግን ያለ ሠራተኛ ማንም በሩን አይከፍትለትም። እሷ ያለችው ይህንን ነው።

6ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሳቤን አጠበብኩ። ቅጥር ሁሉን አይወስንም። ዝና የሌለውን እጩ ግን ያለ እሱ የሚያወጣው የለም። የእህቴን ልጅ የጠሯት ሰዎች እጩ ደግሞ ገና የማይታወቅ ነው።

መልስ 7

ይህን መልስ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ፌርፋክስ የሚኖሩ አባት ናቸው። ሕግ የሚያውቅ ሰው ይቀጠር ያልኩትን ደግፈው፣ ምሳሌው እዚሁ ደጃችን እንዳለ አሳዩኝ። በ2012 የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ቨርጂኒያ የእጩን ስም ለማስገባት 10,000 የመራጭ ፊርማ ትጠይቅ ነበር። በዚያ ላይ ከ11ዱም የኮንግረስ ወረዳዎች ከእያንዳንዱ ቢያንስ 400። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የገቡት ሚት ሮምኒና ሮን ፖል ብቻ ናቸው። ኒውት ጊንግሪች አልገባም፤ ሪክ ፔሪም አልገባም። ጊንግሪች የሚኖረው ማክሊን ነው፤ ከእኚህ አባት ቤት በመኪና ቅርብ ነው። በገዛ ግዛቱ ስሙ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በዚያ ሰሞን አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችን ይመራ የነበረ ሰው ነው። ፊርማ የሚያሰባስብ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ፊርማ የሚያጣራ ሰው በጊዜው አላሰማራም።

ቁጥሩ አሁን ወደ 5,000፣ ከየወረዳውም ወደ 200 ወርዷል። ለልጅቷ የላኩት ምክር አጭር ነው። ፊርማ ማሰባሰብ ላይ ከተመደበች ሥራውን እንዳትንቀው።

መልስ 8

ከሲልቨር ስፕሪንግ የሂሳብ ባለሙያ ናት። የረሳሁትን ቅጥር አስታወሰችኝ፤ ገንዘብ ያዡን። በፌዴራል ሕግ የዘመቻ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ከሌለው አንድ ዶላር መቀበልም ማውጣትም አይችልም። ሰውየው ቢለቅና ቦታው ባዶ ቢሆን ዘመቻው ይቆማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጥር የእኔ የሕግ አዋቂ አይደለም፤ እሷ የጠቀሰችው ሰው ነው።

መልስ 9 እስከ 12

እዚህ ላይ ነገሩ ጠነከረ። ከዴንቨር የጻፉ እናት አንድም ቃል ሳያለዝቡ ተናገሩ። ልጅ አስተምሮ ለሌላ ሰው ሥልጣን በሳምንት 60 ሰዓት በር እንድታንኳኳ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ። እኔንም ወቀሱ። አጎት ከሆንኩ ወደ ነርሲንግ ወይም ወደ ኮምፒውተር ላመላክታት ይገባ ነበር።

10ኛው ወጣት ነው፤ ተቆጥቶ መለሰ። የወላጆች ፍርሃት አንድ ትውልድ ሙሉ ከከተማ ምክር ቤት እስከ ኮንግረስ ያለውን በር እንዳዘጋበት ጻፈ። በዚህ ቢያቆም መልካም ነበር። እናትየዋ ላይ ግን የማይገባ ቃል ጨመረ። 11ኛው ቆጣ ብሎ ገሠጸው፤ እናት የሚያክል ሰው በዚህ አይነት አይመለስም። 12ኛው ራሱ ወጣቱ ነው፤ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም ተቀብለውታል። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። የእናትየዋ ጥያቄ ግን መልስ ይገባው ነበር፤ የሚቀጥሉት ሰዎችም መለሱት።

መልስ 13 እና 14

13ኛዋ ስለ ደመወዝ በግልጽ ጻፈች። በማርች 2019 የበርኒ ሳንደርስ ዘመቻ ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበር ተደራጁ። በትልቅ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዘመቻ ይህ የመጀመሪያው ነው። የመስክ አደራጆቹ በዓመት 36,000 ዶላር ተስማሙ፤ የጤና ኢንሹራንስም ነበራቸው። በጁላይ ግን ጥያቄ ተነሳ። በሳምንት 60 ሰዓት ሲሠራ ያ ገንዘብ በሰዓት ከ15 ዶላር በታች ይወርዳል። እጩው ደግሞ አገሩን የሚዞረው ዝቅተኛው ክፍያ 15 ዶላር ይሁን እያለ ነበር። መፍትሔ ተብሎ ሰዓቱ እንዲቀነስ ተደረገ። እሷ ሁለቱንም ወገን ተረድታለች። እኔም ተረድቻለሁ። ግን አቤቱታውን ያቀረቡት ወጣቶች ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። መርህ ያለው ዘመቻ ከገዛ ቢሮው ይጀምራል።

14ኛው ደግሞ የ2020ውን ተወዳዳሪ፣ ቢሊየነሩን ማይክል ብሉምበርግን አመጣ። በኖቬምበር 2019 መጨረሻ ገባ። ለመስክ አደራጅ በወር 6,000 ዶላር ከፈለ፤ ከሌሎቹ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ከ2,000 በላይ ሰው ቀጠረ። በጠቅላላው 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው፤ ማርች 4 ቀን ከውድድሩ ወጣ። ለሠራተኞቹ እስከ ኖቬምበር ሥራ እንዳላቸው ተነግሯቸው ነበር። በዚያው ወር ተሰናበቱ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የጻፈው ወንድም ነገሩን ለእኔ ክርክር ማፍረሻ አድርጎ ነው ያመጣው፤ ብዙ ቅጥር ድል እንዳላመጣ ለማሳየት። እኔ ግን ቀድሞ መቀጠር ነው ያልኩት። በሦስት ወር ውስጥ በገንዘብ የተሰበሰበ ሰው ከጎረቤት ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ የለውም።

መልስ 15

የዘመቻ ሥራን ከውስጥ የምታውቅ እህት ናት። የዘመቻውን ስም አልጠቀሰችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ወደማታውቀው ግዛት የሄደችው በአንድ ሻንጣ ነበር። ያደረችው አንዲት አሮጊት ደጋፊ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሥራው ጠዋት ቁጥር በማየት ይጀምራል። ትናንት ስንት በር ተንኳኳ? ስንት ስልክ ተደወለ? ስንት ሰው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ስንቱ መጣ? ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቁጥሩ ተሞልቶ ይላካል። እሁድ የሚባል ቀን የለም።

ከዚያ አንድ ቀን በስብሰባ ጥሪ እጩው መውጣቱን ሰሙ። ጥሪው ከዐሥር ደቂቃ አልበለጠም። ስልኳ ውስጥ ቁጥራቸው ያለ መቶ ከሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር በዚያን ቀን ማታ አንድ በአንድ ተነጋገረች። ደሞዝ የሚከፈላት ለዚህ አልነበረም፤ ማንም አላዘዛትም። ያመጣኋቸው እኔ ስለሆንኩ የምሰናበታቸውም እኔ ነኝ የሚል ስሜት ነበራት። ኢንሹራንሷ ግን በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃ ያወቀችው መድኃኒት ቤት ቆማ ነው። ያ አሁንም ያበሳጫታል። ለእህቴ ልጅ ያስተላለፈችው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከመፈረሟ በፊት ይህን በጽሑፍ ትጠይቅ።

የዴንቨሯ እናት በ16ኛው መልስ ተመልሰው ይህችን ልጅ አመሰገኗት። ምክራቸውን አልቀየሩም። ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር።

መልስ 17 እስከ 20

አንዱ ዜጋ ያልሆነ ሰው ዘመቻ ላይ መሥራትም ገንዘብ መስጠትም ወንጀል መሆኑን እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ። ብዙ ሰው ይህንን ያምናል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። 18ኛው፣ ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው፣ አረመው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም። ለዘመቻ ተቀጥሮ መሥራት ግን ይችላል። ከራሱ ገንዘብ መዋጮ መስጠትም ይችላል። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ገንዘብ መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ማገዝ ግን ይችላል፤ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ላይ እስካልገባ ድረስ።

19ኛው አጎቱ የሰጡትን ገንዘብ በራሱ ስም ማስገባት ይችል እንደሆን ጠየቀ። 20ኛው ወዲያው አስቆመው። የሌላውን ገንዘብ በራስ ስም መስጠት ለዜጋም ሕገ ወጥ ነው። እባካችሁ በዚህ አትቀልዱ። በእንግድነት ዕድሜ የተገነባ ኑሮ በእንዲህ ያለ ነገር ሲናጋ ማየት አልፈልግም።

መልስ 21 እስከ 24

እዚህ ወሬው ጠፋብን። አንዷ የአዮዋ ዋና ከተማ ዴ ሞይን ውስጥ እንጀራ ይገኝ እንደሆን ጠየቀች። ሌላው ስለ አዮዋ በረዶና ስለ መኪና ጎማ ጻፈ። 23ኛው ወደ አገር ቤት ምርጫ ዞረ፤ 24ኛውም ሊከተለው ፈለገ። ለዚያ ሌላ ክር እንዲከፈት ለምኜ መለስኳቸው።

መልስ 25

ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ወንድም ነው። የእሱን መልስ ለእህቴ ልጅ አንብቤላታለሁ። በጃንዋሪ 2008 በኔቫዳ ኮከስ ጊዜ፣ ሆቴልና ካዚኖ ለሚሠሩ ሰዎች ተብሎ እዚያው ስትሪፕ (ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ጎዳና) ላይ ዘጠኝ ልዩ የስብሰባ ቦታዎች ተከፈቱ። የምግብና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር አመራር ኦባማን ደግፎ ነበር። ብዙዎቹ አባላት ግን ከክሊንተን ጎን ቆሙ። በ2020ም ተመሳሳይ ነገር ታየ። አመራሩ የሳንደርስን የጤና መድን እቅድ ተቃወመ፤ ሳንደርስ ግን ስትሪፕ ላይ ካሉት ቦታዎች አብዛኞቹን ወሰደ።

ወንድማችን ከዚህ ያወጣው ትምህርት ስለ ቅጥር ነው። ዘመቻ የማኅበረሰቡን ሊቀመንበር ይዞ ማኅበረሰቡን ያዝኩ ይላል። የእኛም ሰው እንዲሁ ነው የሚታየው። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ፎቶ ይነሱና ይሄዳሉ። ኤርፖርት ላይ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ዘንድ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሥራ የምትወጣ ክፍል አጽጂ ዘንድ የሚመጣ የለም። አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር አንድ አደራጅ ቢቀጠር እሱ ራሱ ቢያንስ ሃያ ሰው ይዞ እንደሚመጣ ጻፈ። ከሁሉም መልሶች ልቤን የነካው ይህ ነው።

መልስ 26 እና 27

26ኛው ከዚህ ተነስቶ ወደ 2004 ሄደ። ለዴሞክራቶች እጩነት ይወዳደር የነበረው ሃዋርድ ዲን ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረጉ 3,500 በጎ ፈቃደኞችን ከየግዛቱ ወደ አዮዋ አስገባ። ውጤቱ 18 በመቶና ሦስተኛ ቦታ ሆነ። ያገሬው ሰው በሩን ያንኳኳውን እንግዳ አላወቀውም። ከአራት ዓመት በኋላ የኦባማ ወጣት አደራጆችም አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ነበሩ። ግን ወራት ሙሉ እዚያው ኖረዋል። በ2004 ለዴሞክራቶች ኮከስ የወጣው ወደ 124 ሺህ ሰው ነበር። በ2008 ወደ 239 ሺህ ደረሰ።

27ኛዋ አንድ የተለየ ነገር ጨመረች። በ1976 ወደ 90 የሚጠጉ የጆርጂያ ሰዎች ለጂሚ ካርተር ኒው ሃምፕሻየር ድረስ ሄደው በበረዶ በር አንኳኩ። እንግዶች ነበሩ። ግን ካርተርን በግል ያውቁታል፤ ስለ ጎረቤታቸው ነበር የሚያወሩት። እንግዳ መሆን ብቻውን ችግር እንዳልሆነ አሳየችን።

መልስ 28

አጭርና ጠቃሚ ነው። ከአትላንታ የጻፈው ሰው አለቃዋ ማን እንደሆነ በስም እንድትጠይቅ መከረ። በ2019 የካማላ ሃሪስ ዘመቻ ሥራ አስኪያጅ ነበረው፤ ሊቀመንበሯ ደግሞ የእጩዋ እህት ነበረች። የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ሠራተኛው ግራ ገባው። በኖቬምበር ሠራተኛ ተቀነሰ። ዲሴምበር 3 ቀን ዘመቻው ተዘጋ።

መልስ 29

ይህን የጻፈችው ራሷ የእህቴ ልጅ ናት። ክሩን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበች ነገረችን፤ የዴንቨሯን እናት ጨምሮ ሁሉንም አመሰገነች። ለቀጣሪዎቿ ሦስት ጥያቄ ልካለች። ኢንሹራንሱ ዘመቻው ካበቃ ለስንት ጊዜ ይቆያል? የቅርብ አለቃዬ ማን ነው? ኔቫዳ ልመደብ እችላለሁ? የመጨረሻው መልስ በስልክ መጥቶላታል፤ ይቻላል ብለዋታል። ሁለቱን በደብዳቤ እንልካለን ብለዋል።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ደብዳቤው አልደረሰም። እሷም አልፈረመችም።